የጾመው ጓጉንቸር

ደረቅ ሸክላ ውሃ ሲነካው የሚሰጠው ሽታ ለሌላው ሰው ምን እንደሚያስታውሰው አላውቅም። እኔን የሚያስታውሰኝ ጓጉንቸር ነው። ባለፈው ሳምንት የአበባ መትከያ ልገዛ ብዬ አንዲት ሸክላ ሻጭ ፊት ቆሜ ነበር። እንደማያፈስ ልታሳየኝ ውሃ ሞላችበት። ሽታው ሽው ሲልብኝ ብቻዬን ሳቅሁ።

«ምነው፣ ያፈሳል እንዴ?» አለች ደንግጣ።

«ኧረ አያፈስም። አንድ የሚጾም ጓጉንቸር ትዝ ብሎኝ ነው።»

ዋጋ ለማስቀነስ የመጣሁበት አዲስ ዘዴ ሳይመስላት አልቀረም፤ ፊቷን ወደ ሌላ ገዢ አዞረች።

ጊዜው ካርቱም፣ ሳጃና እንኖር የነበረበት ነው። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እናቴ ማታ ማታ ክሊኒክ ትሠራና ቀን ትተኛለች፤ ስለዚህ እኔን የማየቱ ነገር ለሁለት ሰዎች የተተወ ነበር። አንደኛው የእናቴ ታላቅ ወንድም ጋሽ ተፈራ ናቸው። በወጣትነታቸው በፖለቲካው ምክንያት ከደሴ ተሰደው የመጡ፣ ጀብራ የሚባል ሰፈር አንድ መጋዘን ውስጥ በጸሐፊነት የሚሠሩ ሰው። ክርክር ነፍሳቸው ነው። ከሰው ጋር ይከራከራሉ፤ ሰው ሲጠፋ ከሬዲዮው ጋር ይቀጥላሉ። «ተሳስቻለሁ» ሲሉ ሰምቼ ስለማላውቅ፣ ሰው ከሆነ ዕድሜ በኋላ መሳሳት የሚያቆም ይመስለኝ ነበር። እኔም ያንን ዕድሜ በጉጉት እጠብቅ ነበር።

ሁለተኛዋ ዘይነብ ናት። በዚያው ግቢ፣ ከእኛ ቀጥሎ ያለውን ክፍል የተከራየች የሐይቅ ልጅ። ሰው ቤት ትሠራለች፤ ስትስቅ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ እኔን ፀጉር ስትሠራኝ ግን ለራስ ቅሌ አታዝንም። ጋሼ ክርስቲያን፣ እሷ እስላም ብትሆንም ወሎዬ በዚህ አይጣላም። ደሴና ሐይቅ ጎረቤት ናቸውና ካርቱም ላይ ዘመድ ሆኑ። ታላቅ ወንድሟ ከሐይቅ ሲደውል አስቀድሞ የሚያወራው ከጋሼ ጋር ነው፤ ሒሳቡ አልቆ ስልኩ የሚቋረጠው አብዛኛውን ጊዜ የዘይነብ ተራ ከመድረሱ በፊት ነው።

ከበራችን ውጪ ሁለት ዚሮች ነበሩ። ዚር የሚባለው ታቹ የሾጠጠ ትልቅ የሸክላ ጋን ነው፤ መንገደኛ ቀዝቃዛ ውሃ እየጠጣ እንዲያልፍ በየሰፈሩ ይቆማል። የቤቱ ባለቤት ለሟች አባቱ ነፍስ ብሎ፣ እግሩ በሲሚንቶ የተተከለ የብረት ማቆሚያ አሠርቶላቸዋል። ማቆሚያው ጉልበቴ ድረስ ነው፤ ዚሮቹ የሚቀመጡት በሁለት አግዳሚ ብረቶች መሀል ነው። መሙላቱን ዘይነብ በፈቃዷ ያዘችው፤ ለእናቷ ነፍስ ነው ትለኛለች። የእኔ ድርሻ በገመድ የታሰረውን የቆርቆሮ ኩባያ ማጠብ ነበር። በየቀኑ ዚሮቹ ውስጥ አንገቴን አስገብቼ ስሜን እጠራና ጋኑ መልሶ ሲጠራኝ አዳምጣለሁ። ውሃው ሲጎድል ድምፁ ይወፍራል፤ ሲሞላ ይቀጥናል።

የጋሼ ብስክሌት የሚታሰረው እዚያው ላይ ነው። በሙቀቱ ሁሉም የሚያድረው ደጅ ስለሆነ ግቢው አልጋ በአልጋ ነው፣ ቦታ የለም፤ ውጪ ደግሞ ሌባ ነቅሎ የማይወስደው ያንን ብረት ብቻ ነበር። አንዲት አጭር ወፍራም ሰንሰለት በብስክሌቱ አግዳሚ ላይ ያዞሩና፣ ወደ ታች በዚሮቹ ማቆሚያ ብረት ሥር አሳልፈው ሁለቱን ጫፎች በጓጉንቸር ይገጥሟቸዋል። ብስክሌቱ ከዚያ ሲፈታ ጋሼ ጀብራ፣ ጋሼ ጀብራ ከደረሱ ደሞዝ፤ እንዲህ ነበር የምናስበው።

ያ ዓመት ረመዳን በሙቀቱ ወር የገባበት ነው። ረመዳን ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ሰዒድ የሚባል የወሎ ልጅ ዘይነብን ለማግባት ሽማግሌ ላከ። ማዮ የሚባል ሰፈር ይኖራል፤ ከሰዓት በኋላ ሳጃና መንገድ ዳር፣ ኒም ዛፍ ሥር ቁልፍ ይቀርጻል። ዝምተኛ፣ ረጅም፣ ጣቶቹ ሁልጊዜ የብረት ብናኝ የለበሱ ሰው ነው። ኒካሁን የሚያስሩት ሼኹ ቢሆኑም ቃሉን የሚሰጠው ወንድሟ ነው፤ ወንድሟ ደግሞ ሐይቅ ተቀምጦ ሰውየውን ማየት አይችልም። ስለዚህ በስልክ እንዲህ አለ፤

«ጋሽ ተፈራ፣ እርስዎ ይዩልኝ። ሰው ነው ካሉኝ ቃሌን እሰጣለሁ። አይሆንም ካሉኝ ግን ከዒድ በኋላ አገሯ ትግባ። እስከ መቼ ብቻዋን ትኖራለች?»

ዘይነብን ምን ትፈልጊያለሽ ብሎ የጠየቃት የለም። ሽማግሌዎቹ የመጡ ዕለት ግን የሞሉትን ዚሮች እንደገና ስትሞላ አየኋት፤ ውሃው በአፋቸው እየፈሰሰ መንገዱን ጭቃ አደረገው፤ እሷ አላየችውም። ዘጠኝ ዓመት ለሞላው ሰው ይህ በቂ መልስ ነው።

ጋሼ ነገሩን እንደ ትልቅ የፍርድ ጉዳይ ያዙት። «ወሬውን አልሰማም፤ ሥራውን ነው የማየው» አሉ። ሥራው እንዴት እንደሚታይ ሲያስቡ የጓጉንቸሩ ቁልፍ ኪሳቸው ውስጥ እያለ ተቀመጡበትና ለሁለት ተሰበረ። ብስክሌቱ ያን ሰዓት አልታሰረም ነበር። ስባሪዎቹን በወረቀት ጠቅልለው ኒም ዛፉ ሥር ሄዱ። እኔም ተከትያለሁ።

«ይህን አስመስለህ ቅረጽልኝ» አሉት። «ቃሌን እስከ ዒድ ትሰማለህ።»

«ኢንሻላህ፣ ጋሼ» አለ ሰዒድ። ስባሪዎቹን ገጣጥሞ ለካ።

ቁልፉ የደረሰው የረመዳን ዋዜማ ምሽት ላይ ነው። ቢጫ፣ አዲስ፣ የሚያብረቀርቅ። ጋሼ ብስክሌቱን አሰሩ፤ ቁልፉን ከተው አዞሩት፤ ቅቤ ውስጥ እንደገባ ቢላ ዞረ። «ደህና ነው» አሉ። ከጋሼ አፍ «ደህና ነው» መውጣቱ ለሌላው ሰው ድግስ እንደመደገስ ነውና ዘይነብ የያዘችውን ጀሪካን አስቀምጣ ወደ ክፍሏ ሮጠች።

በማግስቱ ጠዋት ጋሼ ሸሚዛቸውን ለብሰው፣ ቦርሳቸውን አንግተው ወጡ። ቁልፉ እስከ ግማሽ ዞረና ቆመ። መለሱት፤ አሁንም ግማሽ። ነቅለው ተፉበት፣ በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት፤ ያው ነው። ላባቸው በአፍንጫቸው ጫፍ እየወረደ አውቶቡስ ፍለጋ በእግራቸው ሄዱ።

ያን ዕለት ማታ ሰዒድ ተጠራ። ረመዳን ሲሆን የሰፈሩ ወንዶች ምንጣፋቸውን መንገድ ላይ አንጥፈው አብረው ነው የሚያፈጥሩት፤ የሚያልፈውን ሁሉ ክንዱን ይዘው ያስቀምጡታል። ዚሮቻችን ዙሪያም ሰው ይሰበሰባል። ሰዒድ አፍጥሮ፣ አፉን ጠርጎ መጣና ቁልፉን ከተተ። ዞረ፤ እስከ መጨረሻው።

«ይኸው፣ ጋሼ።»

«ለአንተ ብቻ ነው እንዴ የሚከፍተው?» ብለው ቀሙትና ራሳቸው አዞሩት። ዞረ።

«ኸላስ፣ ማፊ ሙሽኪላ» አለ ሰዒድ፤ አለቀ፣ ችግር የለም ማለቱ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ግማሽ ላይ ቆመ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሳምንት የምርመራ ሳምንት ነው። ጋሼ በመጀመሪያ አቧራ ነው አሉ። ሀቦብ የሚባለው የአቧራ ማዕበል ሁለት ቀን ቀደም ብሎ አልፎ ስለነበር ክሱ ያስኬዳል። እፍ እፍ አሉበት፤ ዓይናቸው ውስጥ ተመልሶ ገባ። ቀጥለው የስፌት መኪና ዘይት ተዋሱ። ዘይቱና አቧራው ተቀላቅሎ ጥቁር ሊጥ ሆነ፤ ያንን በስንጥር ሲጎረጉሩ አንድ ጠዋት አለፈ። ከዚያ የእኔን እርሳስ ወስደው ጥቁሩን ውስጡን ፈቀፈቁና ነሰነሱበት። እርሳሴ ያለቀው ያን ጊዜ ነው፤ ለመምህሬ ያቀረብኩትን ምክንያት ግን አላመነችም። ሰዒድ በበኩሉ ሁለተኛ ቁልፍ ቀረጸ፤ ሦስተኛም። እያንዳንዱን ከአሮጌው ስባሪ ጋር አጋጥሞ ለመብራት እያሳየ ጥርስ በጥርስ አመሳከረው። ማታ ማታ ሦስቱም ይከፍታሉ። ጠዋት ጠዋት ሦስቱም ግማሽ ላይ ይቆማሉ።

«ጋሼ፣ ጠዋት ልምጣና ልየው» አለ ሰዒድ አንድ ማታ።

«ጠዋት ጠዋት የሰው ሴት ልጅ በር ላይ ቆመህ ልትታይ? ገና ቃል ሳይሰጥህ?»

በዚህ ተዘጋ። እንዲህ ያለውን ነገር ጋሼ አይከራከሩበትም፤ ይበይኑበታል።

እኔ ግን መልሱን በሦስተኛው ቀን አግኝቼዋለሁ። ጓጉንቸሩ ጾመኛ ነው። ዘይነብ ጾምን ስታስረዳኝ ጎህ ከቀደደ እስከ መግሪብ በአፍ ምንም አይገባም ብላኛለች። ጓጉንቸሩ አፍ አለው፤ ቀን ቁልፍ ሲሰጡት አይውጥም፤ አዛን ካለ በኋላ እስከ ሆዱ ያስገባዋል። ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? ጋሼ በጠራራ ፀሐይ ዘይት ሊያፈሱበት ሲሉ በእጄ ሸፈንኩት።

«ጋሼ፣ ጾሙን አያስገድፉት።»

«ምን ትላለች ይህች ልጅ?» አሉና እጄን ከነዘይቱ አነሱት።

ምናልባት ለጾመኛ ሰው ይከፍት ይሆናል ብዬም አንድ ቀን ቁርሴን ትቼ ዋልኩ። እስከ እረፍት ሰዓት ነው የዋልኩት፤ የጓደኛዬን ዳቦ አይቼ ሃይማኖቴ ትዝ አለኝ።

ነገሩ ለዘይነብ ቀልድ አልነበረም። ዒድ እየቀረበ ነው፤ ጋሼም እያንዳንዱን ጠዋት እንደ ምስክር ቃል ይይዙባታል። «ግማሽ የሚያዞር ቁልፍ የሠራ ሰው» ይላሉ፣ «ትዳሩንስ እስከ የት ያደርሰዋል?» ዘይነብ ጀሪካኗን አንስታ ትሄዳለች። ሳቋ ቀነሰ። ፀጉሬን ስትሠራኝ እንኳ እጇ ለሰለሰ፤ ያኔ ነው የፈራሁት።

«እትዬ፣ ጋሼ እምቢ ካሉ ትሄጃለሽ?»

«ወንድሜ ብሏል» አለችኝ። «ተነሽ፣ አልቋል።» ፀጉሬ ግን ገና ግማሹ ነበር የተሠራው።

ከዚያ አንድ ቀን በሰፈሩ ውሃ ጠፋ። ቧንቧው ሌሊቱን ሙሉ ሲያፏጭ አደረ፤ ጠብታ የለም። ጠዋት ጋሼ ተስፋ በቆረጠ እጃቸው ቁልፉን ከተቱት። ዞረ፤ እስከ መጨረሻው። ጋሼ ቁልፉን፣ ጓጉንቸሩን፣ ከዚያ ሰማዩን አዩ።

«እርሳሱ ነው!» ብለው ብስክሌቱ ላይ ወጡና እያፏጩ ሄዱ። ሲያፏጩ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። ዘይነብም ያን ቀን ስትስቅ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ።

ማታ ውሃው መጣ። በማግስቱ ጠዋት ቁልፉ ግማሽ ላይ ቆመ።

ጋሼ አልጮሁም፤ ቢጮሁ ይሻል ነበር። ቀስ ብለው ተነሡና በሩ ላይ ወደቆመችው ዘይነብ ዞሩ። እሷ በረመዳን ሥራ የምትገባው አርፍዳ ስለሆነ በየጠዋቱ እዚያው ቆማ ፍርዷን ትጠብቃለች።

«ዘይነብ፣ ልጄ። ደግ ልጅ ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ያየሁትን ነው የምናገር። ዛሬ ማታ ለወንድምሽ እደውላለሁ።»

«እሺ፣ ጋሼ» አለች። ድምጿ የሞላ ዚር ውስጥ እንደተጠራ ስም ቀጥኖ ወጣ። እኔ አለቀስኩ። ስለ ትዳር ምንም አላውቅም፤ ሐይቅ ግን ከካርቱም ሩቅ መሆኑን አውቃለሁ።

«ትናንት እኮ ከፍቶ ነበር!» አልኩ።

«ትናንት ከፈተ፤ ዛሬ ዘጋ። ምን የተለወጠ ነገር አለ?» አሉ ጋሼ። ጥያቄያቸው ለእኔ አልነበረም፤ እኔ ግን መለስኩ።

«ትናንትማ ምኑን ይጹመው? ዚሩ ባዶ ነበር። ውሃ በሌለበት ጾም የለም። ዛሬ እትዬ ሞላችው፤ እሱም መጾም ጀመረ።»

ጋሼ ፈገግ ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና እንደተከፈተ ቀረ። ወደ ዚሮቹ ዞሩ። ኩባያውን አንስተው አንዱን አዩ፤ እስከ አፉ ሞልቷል። ሌላውንም አዩ። ከዚያ ተንበርክከው አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው የማቆሚያውን ብረት እንደ አናጢ አዩት። የብረቱ ወገብ ወደ ታች ጎብጧል። ሰንሰለቷ በብስክሌቱና በብረቱ መሀል እንደ ክራር ጅማት ተወጥራለች። በጣታቸው ነኳት፤ አልተንቀሳቀሰችም፤ ጓጉንቸሩን አንቃ ይዛዋለች።

«ዘይነብ» አሉ ሳይነሡ፣ «ዚሮቹን ስንት ሰዓት ነው የምትሞያቸው?»

«በረመዳን ከሱሑር በኋላ ነው፣ ልክ ጎህ ሊቀድ ሲል። ቀን ሸክላው ውስጥ ውሎ ለመግሪብ እንዲቀዘቅዝ።»

«በፊትስ?»

«በፊትማ እርስዎ ከሄዱ በኋላ፣ ሥራ ልገባ ስል።»

«ቀን የሚጠጣው የለም» አሉ ለራሳቸው። «ሁሉም ጾመኛ ነው። ማታ ግን ሰፈሩ በሙሉ ይጠጣል።»

ብድግ ብለው ብብቴን ያዙና ሳላስበው ኮርቻው ላይ አስቀመጡኝ። ጎማው በክብደቴ ትንሽ ተጠፈጠፈ፤ ብስክሌቱ ዝቅ አለ፤ ሰንሰለቷ ላላች። ሌላ እጃቸውን ዘርግተው ቁልፉን አዞሩት።

ዞረ።

ዘይነብ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ወላሂ እኔ ነኝ እንዴ? በገዛ እጄ?»

«አንቺ ነሽ» አሉ ጋሼ። «በየጠዋቱ በውሃ እየቆለፍሽብኝ እኔ ልጁን እከሳለሁ።» ከዚያ ሳቃቸው መጣ። ሲስቁ ሸሚዛቸው ከሱሪያቸው ወጣ፤ ዘይነብ ትስቃለች፣ ታለቅሳለች፤ ማልቀሱን ትተን መሳቅ ስንጀምር እናቴ ከእንቅልፏ ባንና ማን ሞተ ብላ ወጣች።

ያን ማታ ጋሼ ያደረጉትን ግቢ በር ላይ ሆኜ በዓይኔ አየሁ። ምንጣፉ ላይ ሰዒድ አጠገብ ሄደው ተቀመጡ። ጎረቤቱ ሁሉ እየሰማ፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ሰዒድ፣ ቁልፍህ ደህና ነው። ተሳስቻለሁ» አሉት። ቃሏ ስትወጣ ደህና ሆና ነው የወጣችው፤ ምንም አላነቃቸውም። ሰው ከሆነ ዕድሜ በኋላም እንደሚሳሳት ያወቅሁት ያኔ ነው፤ ትንሽ አዘንኩ።

ሰዒድ የዚሮቹን ነገር ሰምቶ አንገቱን ደፋ።

«እኔማ ጋሼ፣ ምንነቱ ቶሎ ባይገኝ አልጠላም ነበር» አለ። «ቁልፉ እምቢ ባይል በየማታው በምን ሰበብ እመጣ ነበር? ሦስተኛውንማ ሆን ብዬ ነው ያዘገየሁት።»

ጋሼ ስልካቸውን አውጥተው እዚያው ምንጣፉ ላይ ሐይቅ ደወሉ። «ሰው ነው» አሉ ጮክ ብለው። «አይቼዋለሁ፣ ሰው ነው። ስጥ።» ሒሳቡ እዚያ ላይ አለቀ።

ሠርጉ ከዒድ በኋላ ሆነ። ዘይነብ ሐይቅ አልገባችም፤ ማዮ ገባች፤ ማዮ ደግሞ አውቶቡስ ይደርሳል። ከመሄዷ በፊት ጀሪካኑን ሰጥታኝ «በአቅምሽ» አለችኝ።

በሄደች ማግስት ጎህ ሲቀድ ተነሣሁ። ጀሪካኑን በግማሽ እየቀዳሁ፣ በሁለት እጄ እየጎተትኩ፣ ድንጋይ ላይ ቆሜ ገለበጥኩ። ውሃው የዚሮቹ ወገብ ላይ ሲደርስ አቅሜ አለቀ። ጋሼ ቦርሳቸውን አንግተው ወጡ። ቁልፉን ከተቱ፤ ያለማንም እርዳታ እስከ መጨረሻው ዞረ። ብስክሌቱን ይዘው ይሄዳሉ ብዬ ቆምኩ። እሳቸው ግን አጎንብሰው ዚሮቹ ውስጥ አዩና ጓጉንቸሩን መልሰው ቆለፉት።

«ጋሼ፣ ለምን ዘጉት?»

«አልሞሉም እኮ» አሉ።

ቦርሳቸውን በሩ ላይ ሰቀሉ፤ እጅጌያቸውን ጠቀለሉ። ከቧንቧው ወደ ዚሮቹ፣ ከዚሮቹ ወደ ቧንቧው፣ ሁለቱም እስከ አፋቸው እስኪሞሉ ተመላለሱ። ብረቱ ጎበጠ፤ ሰንሰለቷ ተወጠረች። ጋሼ ላባቸውን በክንዳቸው ጠረጉና ብብቴን ይዘው ኮርቻው ላይ አወጡኝ።

«ያላ» አሉኝ፣ «ከበድ በይ።»

የቻልኩትን ያህል ከበድኩ።